ማሳየትና ማውረስ

ሰው ያለውን ነገር ለሌላ ሰው ማሳየት ይወዳል። አዲስ ልብስ የለበሰ ሕፃን ወደ ጎረቤት ቤት ሮጦ ይሄዳል፤ ገበሬ ያማረ ወይፈኑን እንግዳ እንዲያይለት ከበረት ያወጣል፤ የቤት እመቤትም እንግዳ ሲመጣ የተሻለውን ስኒ ታወጣለች። ይህ ጠባይ ከሰው ጋራ አብሮ የተፈጠረ ስለ ሆነ በራሱ ክፉ ነው ሊባል አይቻልም። ነገር ግን ማሳየት ሁሉ አንድ አይደለም። ለመመስገን የሚያሳይ አለ፤ ለማውረስ የሚያሳይም አለ። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በውስጣቸው ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ለመመስገን የሚያሳይ ሰው የሚፈልገው አድናቆትን ብቻ ስለ ሆነ፥ ተመልካቹ አድንቆ ከሄደ ጉዳዩ አለቀ። ለማውረስ የሚያሳይ ግን ተመልካቹ ያየውን ነገር የራሱ አድርጎ እንዲሄድ፥ እንዲጠብቀውና በተራውም ለሌላ እንዲያስተላልፈው ይፈልጋል።

ስለዚህ ነገር በብሉይ ኪዳን ሁለት ታሪኮች ይገኛሉ። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ከሕመሙ በተነሣ ጊዜ ከባቢሎን ለመጡት መልእክተኞች የግምጃ ቤቱን ወርቅና ብር፥ ሽቱውንና የጦር መሣሪያውን ምንም ሳያስቀር አሳያቸው፤ ነቢዩ ኢሳይያስም ይህን በሰማ ጊዜ ገሠጸው። ኢያሱ ግን ሕዝቡ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ ከወንዙ ውስጥ 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ፤ ይህንንም ያደረገው ልጆች ወደ ፊት ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሩአቸው ነው። በገበያ ዋጋ ወርቁ ከድንጋዩ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ወርቁ ለእንግዳ አድናቆት ታየ፤ ድንጋዩ ለልጅ ጥያቄ ቆመ። እንግዲህ ልዩነቱ ዕቃው ለምንና ለማን እንደ ታየ በማወቅ እንጂ በዕቃው ዋጋ አይገኝም።

ይህን መሠረት ከያዝን በኋላ በዘመናችን ስለ ተስፋፋው ስለ ተዘዋዋሪ ዐውደ ርእይ፥ ወይም ብዙ ሰው እንደሚጠራው ስለ ተዘዋዋሪ ኤግዚቢሽን እንነጋገር። ይኸውም የአንድን አገር ወይም የአንድን አካባቢ ታሪክና ባህል የሚያስረዱ ዕቃዎች፥ ሥዕሎችና ጽሑፎች በአንድ ቤት ተዘግቶባቸው ከመኖር ይልቅ በሣጥን ታሽገው ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወሩ ለሕዝብ የሚታዩበት ሥራ ነው። ሥራው መልካም መሆኑን የሚክድ የለም። በተቆለፈ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ማንም የማያየው ቅርስ የጋን ውስጥ መብራት ነውና። ነገር ግን ማን ይየው? ማንስ ቀድሞ ይየው? ምን ይታይ፥ ምንስ ተሸፍኖ ይቅር? እነዚህ ለሙዚየም ሠራተኞች ብቻ የሚተዉ ጥያቄዎች አይደሉም። ቅርስ የወላጅ ሀብት ነው፤ የወላጅን ሀብት የሚያስተዳድር ሰው ደግሞ ለወራሾች ሁሉ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ለምሳሌ እንዲሆነን ድንቅነሽን እንውሰድ። የውጭ ሰዎች ሉሲ የሚሏትን ድንቅነሽን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፥ ሐዳር በተባለው ስፍራ፥ አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ አገኟት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከአካሏ አጥንት 40 ከመቶ ያህሉ ስለ ተገኘና በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበር አጥንቷ ስለ መሰከረ፥ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚያጠና ሁሉ ስሟን ሳያነሣ አያልፍም። አጥንቶቿ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም በጥንቃቄ ተቀምጠው ሲኖሩ፥ ሕዝቡ አብዛኛውን ጊዜ ያይ የነበረው በአምሳላቸው የተሠራውን ቅጂ ነበር።

የኢትዮጵያ ሁለተኛ ሺህ ዓመት ሊከበር ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ነሐሴ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.፥ ድንቅነሽ ራሷ በአሜሪካ አገር በሂውስተን ከተማ የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ለሕዝብ ታየች። የብራና መጻሕፍትና መስቀሎችም አብረዋት ተጉዘው ነበር። ከዚያ ወደ ሲያትል፥ ወደ ኒው ዮርክ፥ በመጨረሻም ወደ ካሊፎርኒያ ተዘዋውራ በ2005 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰላም ከተባለችው የሕፃን ቅሪት ጋራ ወደ ቼክ አገር ሄዳ በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ታየች።

ይህ ጉዞ ከንቱ ነበር አልልም። ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በባዕድ አገር የወለዷቸውን ልጆች እጃቸውን ይዘው «እይ፥ ይህች ከኛ ምድር የተገኘች ናት» ለማለት ችለዋል። በጉዞዋም መካከል፥ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አጥንቶቿ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው የራጅ መሣሪያ አንድ በአንድ ተነሥተዋል። ከዚያም ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በመንግሥታችን ፈቃድ፥ የአንዳንዶቹ አጥንቶች ምስል መምህራንና ተማሪዎች በኮምፒዩተር አይተው አምሳላቸውን እንዲሠሩበት ተለቀቀ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የሂውስተን ተማሪ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሄዶ ያያትን ድንቅነሽን፥ በሐዳር አጠገብ ፍየል የሚጠብቅ የአፋር ልጅ ለማየት ስንት ቀን መጓዝና ስንት ብር መክፈል ያስፈልገዋል? በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ አጥንቷን በጣታቸው እንዲነኩ ተፈቅዶላቸዋል። እንግዳን ማክበር የቆየ ወጋችን ነውና በዚህ አልከፋም። ሆኖም ለእንግዳው እስከ መዳሰስ የደረሰው ነገር ለባለቤቱ እስከ ማየት እንኳ ካልደረሰ፥ አባቶቻችን «የቤት ቀጋ፥ የውጭ አልጋ» ያሉት እኛን ነው ማለት ነው።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ባለቤቱ ቀድሞ ይይ የምልበት ምክንያት ለክብሩ ብቻ አይደለም። ያላየ ሰው እንዳለው አያውቅም፤ እንዳለው የማያውቅም አይጠብቅም። እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ፊደልን፥ ሒሳብንና ሥርዓትን ስላገኘሁበት ዛሬም አመሰግናለሁ። በክፍላችን ግድግዳ ላይ ትልልቅ የሥዕል ሰሌዳዎች ተሰቅለው ነበር፤ የውጭ አገር ወንዞችን ርዝመት፥ ድልድዮችንና ግንቦችን ከነስማቸው በቃላችን እንወጣቸው ነበር። ከትምህርት ቤቱ ባሻገር ባለው ኮረብታ ላይ ግን ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች ቆመው ነበር፤ በጠቅላላው የትምህርት ዘመኔ ስለ እነዚያ ድንጋዮች አንዲት ቃል የነገረን መምህር አልነበረም። እኛ ልጆቹም እረኞች በሆንን ቀን ጀርባችንን አስደግፈንባቸው ቆሎ ስንበላ እንውል ነበር እንጂ ማን እንዳቆማቸው አንጠይቅም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራልና። ከዚያ ወዲህ ከመካከላቸው ተፈንቅሎ ለቤት መሠረት የሆነ አለ። የቤቱን ሠሪ ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የድንጋዩን ዋጋ ማን ነግሮት ነበር? «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» እንደሚባለው፥ ባለቤቱ ዋጋውን ያላወቀለትን ቅርስ ሌላው እንዲያከብርለት መጠበቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል፤ በችኮላም ልናልፈው አይገባም። አጥንትና ብራና፥ ጨርቅና የሸክላ ዕቃ መንገድ አይወዱም። ድንቅነሽ ወደ አሜሪካ ስትሄድ ስሚዝሶኒያን የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ተቋም አጥንቶቿ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ሊጋለጡ አይገባም ብሎ ሳይቀበላት ቀርቷል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሰውን ጥንተ ዘር በማጥናት ስሙ የታወቀው ሪቻርድ ሊኪም ጉዞውን በግልጽ ተቃውሟል። በአውሮፕላንና በልዩ ሣጥን መጓዝ ይህን ያህል ካሳሰበ፥ በኮረኮንች መንገድ ላይ በጭነት መኪና መጓዝማ እንዴት ሊሆን ነው? ከዚህም ጋራ የቅርስ ባለቤት የዛሬው ትውልድ ብቻ እንዳይደለ መዘንጋት የለብንም። ገና ያልተወለዱት ልጆች ደግሞ ከእኛ ጋራ እኩል ወራሾች ናቸው። ያልተወለደ ወራሽ አፍ ስለሌለው በሸንጎ ተነሥቶ «ድርሻዬን አትስበሩብኝ» ሊል አይችልም፤ ስለ እርሱ የሚናገርለት የሕያዋን ሕሊና ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁሉም ይይ ብለን ነገ ማንም እንዳያይ ብናደርግ፥ ለጋስ ሳንሆን አባካኞች ሆነናል።

ታዲያ በሕያው ወራሽና ባልተወለደው ወራሽ መካከል ማን ያስታርቃል? በእኔ አስተሳሰብ አስታራቂው ቅጂ ነው። አንዳንድ ሰው ቅጂን ማሳየት ማታለል ነው ይላል። ይህ አሳብ ግን በራሳችን ታሪክ ሲመረመር አይጸናም። አባቶቻችን መጻሕፍትን ለዘመናት ያቆዩልን በመገልበጥ አይደለምን? ቁም ጸሐፊው ብራናውን ዳምጦ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ከፊቱ የተዘረጋውን መጽሐፍ ፊደል በፊደል ይገለብጥ ነበር፤ ተገልብጦ የተገኘውን ዳዊት የጸለየበት ሰው ተታለልሁ አላለም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ስለ ተነሡ፥ ዋናው ቢጠፋ እንኳ ቃሉ እንዳይጠፋ ሆኗል። ቅጂን ዋናው ነው ብሎ ማሳየት ውሸት ነው፤ ቅጂን ቅጂ ነው ብሎ፥ ዋናውም የት እንዳለና ለምን እንዳልመጣ ገልጦ ማሳየት ግን ትምህርት ነው። የአፋሩ ልጅ የድንቅነሽን አምሳል በገዛ መንደሩ፥ በገዛ ቋንቋው እየተነገረው ቢያይና በእጁ ቢዳስስ፥ ከመስተዋት ወዲያ ሆኖ ዋናውን ለአንድ አፍታ ከማየት የበለጠ ሊያገኝ ይችላል።

ይህ ነገር የሚቻል ለመሆኑ ሌሎች ምስክር ናቸው። ቦትስዋና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ነፃነቷን ያገኘች፥ ሕዝቧ ጥቂት፥ ምድሯም አብዛኛው በረሓ የሆነ አገር ናት። ብሔራዊ ሙዚየሟ ሕዝቡ ወደ ዋና ከተማው እስኪመጣ አልጠበቀም። በ1970ዎቹ ዕቃዎችንና ፊልሞችን በመኪና ጭኖ ራቅ ወዳሉት መንደሮችና ትምህርት ቤቶች መዞር ጀመረ፤ አገልግሎቱንም በቋንቋቸው የሜዳ አህያ ማለት በሆነው ስም «ፒትሴ ያ ናጋ» ብለው ጠሩት። ከፍ ብዬ የጠቀስሁት ስሚዝሶኒያንም ከ1994 ጀምሮ በአገሩ ትንንሽ ከተሞች የሚዞር ዐውደ ርእይ አለው። በዚህ ሥራ ላይ የማደንቀው ነገር፥ ከመሥሪያ ቤቱ የተላከው ሰሌዳ በሚያርፍበት ከተማ ሁሉ ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ዕቃና የራሳቸውን ታሪክ ከጎኑ መጨመራቸው ነው። እንግዳው ዐውደ ርእይ ጥያቄውን ይዞ ይመጣል፤ መልሱን ባለ አገሩ ይጨምርበታል።

ይህ መጨመር እንዲያው ጌጥ አይደለም፤ ያለ እርሱ ሥራው ሁሉ ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይሆናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እኔ በማስተምርበት በአንዲት የደቡብ ወረዳ ከተማ አንድ ተዘዋዋሪ ዐውደ ርእይ መጥቶ ነበር። ዕቃው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፥ በየዕቃው ፊት በካርቶን የተጻፈ መግለጫ ተቀመጠ። ተማሪዎች በሰልፍ፥ ሽማግሌዎችም የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ከዕቃዎቹ አንዱ እንሰት የሚፋቅበት የቀርከሃ መፋቂያ ነበረ፤ መግለጫው ግን «ጥንታዊ የእርሻ መሣሪያ» ይል ነበር። አንዲት አሮጊት በፊቱ ቆመው አንድ ተማሪ ጽሑፉን እንዲያነብላቸው ጠየቁት። ሰምተውም ሳቁ።

«ልጄ፥ ይህን ጥንታዊ ያለው ማን ነው? እኔ ዛሬ ጠዋት ስፍቅበት ቆይቼ ነው የመጣሁት» አሉ።

ዕቃውን ይዞ የመጣው ወጣት ሠራተኛ መጀመሪያ ደነገጠ። ነገር ግን አስተዋይ ልጅ ነበርና፥ «እማማ፥ እንግዲያስ እርስዎ ያስተምሩን» ብሎ መፋቂያውን ሰጣቸው። አሮጊቷም ከመሬት ቁጭ ብለው መፋቂያው እንዴት እንደሚያዝ፥ ቃጫው እንዳይበጠስ እጅ እንዴት እንደሚመጠን፥ ቆጮ የሚሆነውና ቡላ የሚሆነው እንዴት እንደሚለይ ለተሰበሰበው ሁሉ አስረዱ። ሠራተኛውም እርሳሱን አውጥቶ የካርቶኑን ጽሑፍ ሰረዘና እሳቸው ያሉትን ጻፈበት። በማግስቱ በክፍል ውስጥ ስለዚያ መሣሪያ በጠየቅሁ ጊዜ፥ ከሁሉ በፊት እጁን ያነሣው የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ነበረ።

በሦስተኛው ቀን ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ሄደ። «የእማማ ጽሑፍ የት ሄደ?» ብሎ አንድ ተማሪ ጠየቀኝ። ካርቶኑም ከዕቃው ጋራ ተጭኖ ሄዷል፤ በትምህርት ቤታችን የቀረ አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረም። ለማውረስ የመጣ ሰው ግን ሲሄድ አንድ ነገር ትቶ ይሄዳል። የሥዕል ቅጂ፥ የተጻፈ ትረካ፥ ቢያንስ የሰማውን መልሶ ለተናገሩት ሰዎች ማስረከብ ይገባዋል። ከሽማግሌ አፍ ወስዶ ምንም የማይመልስ ዐውደ ርእይ ማር ቆርጦ ቀፎውን ባዶ ትቶ እንደሚሄድ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ የመጨረሻው ጥያቄ ይቀራል፤ ሁሉ ነገር ሊታይ ይገባዋልን? አይገባውም። በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ታቦት ከካህናት በቀር ማንም እንዳያየው ሥርዓት ስላለው፥ ሙዚየሙ ራሱ እነዚህን ለሕዝብ አያሳይም። እንግዲህ የማይታይን ነገር ለማሳያ በተሠራ ቤት ማስቀመጥ ምን ትርጉም አለው? በ1994 ዓ.ም. ግን በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው። ታቦቱ እንደ ሥርዓቱ የተሸፈነ ነበር፤ ከሕዝቡም ማንም በዓይኑ አላየውም። ይሁን እንጂ ሁሉም የራሱ መሆኑን ያውቅ ነበርና ደስታው ምሉ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ዓይን ያየው ሁሉ የተወረሰ እንዳይደለ፥ የተሸፈነም ሁሉ የተነፈገ እንዳይደለ ነው። የጎሣ ሽማግሌዎች በምስጢር የሚጠብቁት የአምልኮ ወይም የመሐላ ዕቃ ቢኖር፥ ባለቤቶቹ «ይህ አይታይ» ካሉ ቃላቸው ሊከበር ይገባል።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ነገ በሙዚየም፥ በባህል መሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት የምትሠሩ ትኖራላችሁ። የአገራችሁን ቅርስ ይዛችሁ ለመጓዝ በተነሣችሁ ቀን አስቀድማችሁ ዕቃው የተገኘበትን መንደር ጠይቁ፤ መንገዳችሁንም ከዚያ ጀምሩ። ቅጂ ከያዛችሁ ቅጂ መሆኑን ተናገሩ። መግለጫውን በመሥሪያ ቤት ጽፋችሁ ሳትጨርሱ የሚሠሩበትን ሰዎች ስሙ፤ ስማቸውንም ከቃላቸው ጋራ ጻፉ። ስትመለሱ አንድ ነገር ትታችሁ ተመለሱ።

የሙዚየም ሠራተኛ የማትሆኑትም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደላችሁም። በየቤታችሁ ጓዳ መሶብ፥ ሞሰብ ወርቅ፥ ጮጮ፥ የአያት ጋሻ ወይም የቆየ ዳዊት ሊኖር ይችላል። ዛሬ ማታ አንዱን አንሥታችሁ ማን እንደ ሠራው፥ በምን እንደ ተሠራ፥ በየትኛው ቀን እንደሚያገለግል የሚያውቀውን ሰው ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፥ ካለመጠየቅም ርስት ይቀራል። የዕቃው ዕድሜ ከሰው ዕድሜ ይረዝማል፤ ስለ ዕቃው የሚያውቁት አያቶች ግን ከእናንተ ጋራ የሚቆዩት ጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቻችሁ «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በዚያን ጊዜም መልስ መስጠት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።